ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ልጆቹስ?

ለብዙ ዓመታት በዩኔስኮ ስም ሲነገር የኖረ አንድ ትንቢት ነበር፦ የኢግቦ ቋንቋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ይጠፋል የሚል። የናይጄሪያ ጋዜጦች ደጋግመው ጻፉት፤ ሰባኪዎችና ፖለቲከኞችም ሕዝባቸውን ለማንቃት አነሱት። ዓመቱ ደረሰ፣ አለፈም። ቋንቋው አልጠፋም። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ባሉት አምስት ግዛቶች፣ በአናምብራ፣ በኢኑጉ፣ በኢሞ፣ በአቢያና በኢቦኒ፣ እንዲሁም በዴልታና በሪቨርስ ግዛቶች በከፊል፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ዛሬም ይናገረዋል።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የናይጄሪያ የትምህርት ሚኒስትር ቱንጂ አላውሳ አቡጃ ላይ በተካሄደ ጉባኤ፣ መንግሥታቸው በ2022 የጸደቀውን የቋንቋ ፖሊሲ መሻሩን አስታወቁ። ያ ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስድስቱንም ዓመታት በልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የሚያዝዝ ነበር። ከእንግዲህ ግን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው ተባለ። የተሰጠው ምክንያት የአፍ መፍቻ ቋንቋ በብዛት በተሠራበት አካባቢ ተማሪዎች በብሔራዊ ፈተናዎች በጅምላ ወድቀዋል የሚል ነው።

ትንቢቱና ውሳኔው በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትንቢቱ ሁላችንንም ወደተሳሳተ አቅጣጫ እንድናይ ማድረጉ ነው። ይህን ያህል ተናጋሪ ያለው ቋንቋ በቀነ ቀጠሮ አይሞትም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ ከገዛ ቤቱ ክፍል በክፍል እየለቀቀ ይወጣል። መጀመሪያ ከመማሪያ ክፍል፣ ቀጥሎ ከቢሮ፣ ከዚያ ከልጆች መኝታ ቤት። በመጨረሻ እንግዳ መቀበያው ሳሎን ብቻ ይቀርለታል፤ እዚያም በክብር ይቀመጣል።

የኢግቦን ሳሎን ማየት ለሚፈልግ ከኮላ ሥርዓት የተሻለ ቦታ የለም። ኮላ ስንል ለስላሳው መጠጥ ስሙን የወሰደበትን መራራ የዛፍ ፍሬ ማለታችን ነው። ኢግቦዎች «ኦጂ» ይሉታል። ቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር እርሱም ውስጥ አለ። እንግዳ ሲመጣ አባወራው ፍሬውን በእንጨት ሳህን ላይ ከሚያቃጥል ቅመም ጋር አድርጎ ያቀርባል። ሳህኑ ግን ወዲያው አይበላበትም። በዝምድናና በመንደር ቅርበት ተራ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሰው አይቶ፣ ነክቶ ያሳልፈዋል፤ ዞሮ ዞሮ ወደ አባወራው ይመለሳል። «የንጉሥ ኮላ በንጉሥ እጅ ነው» ይባላል ያን ጊዜ። ቀጥሎ በዕድሜ የገፋው ሰው ፍሬውን ከፍ አድርጎ ይዞ ይመርቃል። «ጭልፊትም ትረፍ፣ ንስርም ይረፍ፤ አንዱ ሌላውን አትረፍ ቢል ክንፉ ይሰበር» ይላል። የተሰበሰበው ሁሉ በየምርቃቱ መጨረሻ «ኢሴ!» እያለ ይቀበላል፤ ይሁን ይደረግልን እንደማለት ነው። ከዚያ ፍሬው ይፈለቀቃል፤ የክፋዮቹም ቁጥር ይታያል። አራት ከሆነ ደስታ ነው፤ የኢግቦ ሳምንት አራት የገበያ ቀናት ስላሉት፦ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ፣ ንክዎ። ሳህኑን ይዞ የሚያድለው ብዙውን ጊዜ ከወንዶቹ ታናሹ ነው።

በዚህ ሥርዓት ላይ አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ። ምርቃቱ በኢግቦ ካልሆነ ምርቃት አይደለም። «ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም» ይላሉ። ለንደን ወይም ሂውስተን የሚኖር ሐኪም፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲሠራ የዋለ ሰው፣ ኮላ ሲቀርብ ቋንቋውን መቀየር ግድ ይለዋል። ደንቡ ውብ ነው፤ ኩራትም አለበት። ነገር ግን ናይጄሪያውያን ስለ ኮላ የሚሉት ሌላ አባባል አለ፦ ዮሩባ ያመርተዋል፣ ሐውሳ ይበላዋል፣ ኢግቦ ያከብረዋል። ይህን አባባል ባሰብኩት ቁጥር ስለ ፍሬው ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ቋንቋንም እንዲሁ ማክበር ይቻላል፤ ሳይበሉት።

ቋንቋው ምን ዓይነት እንደሆነ ትንሽ ቀረብ ብለን እንይ፤ ያለዚያ የሚጠፋው ነገር ምን እንደሆነ አይገባንም። ኢግቦ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው። «አኳ» የምትለውን ቃል እንውሰድ። ሁለቱም ክፍለ ቃላት ከፍ ብለው ሲነገሩ ለቅሶ ነው። የመጀመሪያው ከፍ፣ ሁለተኛው ዝቅ ሲል ልብስ ወይም ጨርቅ ይሆናል። ተገላቢጦሹ እንቁላል ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ አልጋ ነው፤ ድልድይም ነው። በጽሑፍ ግን በተለምዶ ከፍታና ዝቅታው ምልክት አይደረግበትም፤ አራቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። የአማርኛ አንባቢ ይህን ችግር በደንብ ያውቀዋል። «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ማለታችን እንደሆነ ፊደሉ አይነግረንም፤ «አለ» ብለን ጽፈን ተናገረ ይሁን ይገኛል የሚለየው ማጥበቅና ማላላቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ጆሮ ነው። ጆሮ የሌለው አንባቢ ፊደሉን ቆጥሮ ትርጉሙን ያጣል። ኢግቦን ቤት ውስጥ ሳይሰማ ያደገ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው፤ ያነብባል፣ ግን እንቁላሉ ያለቅስበታል።

ሌላም አለ። ከስምንቱ አናባቢዎች ሦስቱ ከሥራቸው ነጥብ ይደረግባቸዋል፤ ነጥቡ ድምፁን ይለውጠዋል። አብዛኛው የስልክና የኮምፒውተር ገበታ ግን ነጥቡን በቀላሉ አያወጣም። ስለዚህ ሰዎች የራሳቸውን ስም እንኳ ያለ ነጥብ ይጽፋሉ። የከተሞቹም ስም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። ነዋሪዎቿ ኦካ የሚሏት ከተማ በቅኝ ገዢዎች አጻጻፍ አውካ ሆናለች፤ ኦኒቻም ኦኒትሻ። እነዚህ ስሞች በካርታና በመንገድ ምልክት ላይ እስከ ዛሬ እንዳሉ ናቸው።

ጽሕፈቱ እዚህ የደረሰበት ታሪክ ራሱን የቻለ ትግል ነው። በ1857 ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር የመጀመሪያውን የኢግቦ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። እርሳቸው ዮሩባ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ሴራሊዮን ላይ ነፃ የወጡ። በዚያው ዓመት ኦኒቻ ላይ ሚስዮን የከፈቱት ጆን ክሪስቶፈር ቴይለርም ሴራሊዮን ውስጥ ከተወለዱ የቀድሞ ባሪያዎች ልጆች አንዱ ነበሩ። ማለትም የኢግቦ ጽሕፈት የተጀመረው አገሩ ላይ በተቀመጠ ሰው እጅ አይደለም፤ በተነጠቁና በተመለሱ ሰዎች እጅ ነው። ይህን የማይረሳ እውነት አድርጌ እወስደዋለሁ።

ችግሩ የትኛው ኢግቦ ይጻፍ የሚለው ነበር። ኢግቦዎች በአንድ ዙፋን ሥር ኖረው አያውቁም፤ «ኢግቦ ንጉሥ የለውም» የሚለው አባባላቸው በብዙ ቦታ እውነት ነው። ጉዳይ የሚወሰነው በመንደር ጉባኤ፣ በአባት ወገን ዘመዶች ሸንጎ፣ በተዳሩ የመንደሩ ሴቶች ማኅበር ነበር። ዙፋን ከሌለ የቤተ መንግሥት ቋንቋ የለም። የአንዱ አካባቢ ንግግር ከሌላው እየራቀ ይሄዳል፤ ራቅ ያሉት ሰዎች በቀላሉ እስከማይግባቡ ድረስ። እንግሊዛዊው የአንግሊካን ቄስ ቶማስ ዴኒስ መፍትሔ ያሉት ከተለያዩ ቀበልኛዎች ቃል እየለቀሙ አንድ የጋራ ኢግቦ መፍጠር ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቋንቋ ተተርጉሞ በ1913 ታተመ። በማንም እናት አፍ ያልነበረ ቋንቋ የቅዱስ ቃል ቋንቋ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው የፊደል ጠብ ነው። ከ1929 ጀምሮ የቅኝ ግዛቱ መንግሥትና ካቶሊኮች አዲስ የፊደል ሥርዓት ሲይዙ፣ አንግሊካኖቹ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ፊደል አንላቀቅም አሉ። ከሰላሳ ዓመት በላይ አንድ ሕዝብ እንደየቤተ ክርስቲያኑ በሁለት ዓይነት ፊደል ጻፈ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ለአንግሊካን ልጅ አይሆንም፤ የአንግሊካኑም ለካቶሊኩ። ዮሩባና ሐውሳ የጽሑፍ ክምችታቸውን በሚያሰፉበት በዚያ ዘመን የኢግቦ ምሁራን ጉልበት በነጥብና በሰረዝ ክርክር አለቀ። በ1949 ኤፍ ሲ ኦግባሉ የተባሉ መምህር የኢግቦን ቋንቋና ባህል የሚያስፋፋ ማኅበር መሥርተው ትግሉን ወደ ራሱ ሕዝብ እጅ መለሱት። ጠቡን የዘጋው በ1961 በዶክተር ኦንዉ የተመራው ኮሚቴ ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት ሠላሳ ስድስት ፊደላት ያሉት ሥርዓት የዚያ ኮሚቴ ውጤት ነው።

ክርክሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልበረደም። በ1999 ቺኑዋ አቼቤ ኦዌሪ ከተማ ውስጥ የካቶሊክ ሀገረ ስብከቱ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የኢግቦ ንግግር መድረክ ቆመው በራሳቸው ቀበልኛ ተናገሩ። የዴኒስን ቅይጥ ኢግቦ ክፉኛ ነቀፉ፤ ሰው ሁሉ እንደተናገረ ይጻፍ አሉ። በእንግሊዝኛ ድርሰት ዓለም ያወቃቸው ሰው ለአገራቸው ሰዎች በዚህ ቋንቋ፣ ስለዚህ ቋንቋ ተቆጥተው ሲናገሩ አዳራሹ ምን ያህል እንደተናወጠ መገመት አይከብድም። ስለ ዴኒስ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ሕይወት የሌለው ቋንቋ ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ ለሕዝብ መሰጠት አልነበረበትም። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። መጽሐፉ በአንድ የጽሑፍ ቋንቋ መጻፍ አለበት። በ1961 የተገኘውን ስምምነት ማፍረስ የሚጠቅመው ለእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ኢግቦዎች «የማን ኢግቦ?» እያሉ ሲከራከሩ እንግሊዝኛ ሳይጠየቅ ይገባልና።

ወላጆች ለምን ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ማሳደግ እንደመረጡ ለመረዳት ወደ ጦርነቱ መመለስ ግድ ነው። በሜይ 1967 የኢግቦዎች አገር የሆነው ምሥራቅ ናይጄሪያ ቢያፍራ በሚል ስም ነፃነቷን አወጀች፤ በጃንዋሪ 1970 ተሸንፋ እጇን ሰጠች። በመካከሉ በጥይትና ከሁሉም በላይ በረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ይህ ጦርነት አዲስ አበባንም ነክቷል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቋቋመው የናይጄሪያ አማካሪ ኮሚቴ የሚመራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር፤ በኦገስት 1968 የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ አዲስ አበባ መጥተው ሕዝባቸው ለምን ከናይጄሪያ እንደተለየ በረዥም ንግግር አስረድተዋል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሌላ ምርጫም አልነበራቸውም። ውይይቱ ያለ ስምምነት ተበተነ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ባንክ ገንዘብ የነበረው ኢግቦ፣ ቀድሞ የቱንም ያህል ቢያስቀምጥ፣ የተመለሰለት ሃያ ፓውንድ ብቻ ነበር። ከዚህ የተረፈ ሕዝብ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ንግድና ትምህርት። ንግዱ ወደ ሌጎስ፣ ወደ ካኖ፣ ወደ ባሕር ማዶ ወሰደው። ትምህርቱም የሚሰጠውም የሚፈተነውም በእንግሊዝኛ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ኢግቦ የተናገረ ተማሪ ይቀጣ ወይም ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ለቋንቋው የተሰጠው ስም «ቨርናኩላር» ነው፣ የአገሬው ወግ እንደማለት፣ ስም የማይገባው ይመስል። በዚህ ትምህርት ቤት ያለፉት ልጆች ወላጅ ሲሆኑ ከቤታቸው ያን «ቨርናኩላር» ማስወጣታቸው ክህደት ተብሎ ሊፈረድባቸው አይገባም። ሃያ ፓውንድ ይዞ የተነሣ ሰው ለልጁ የሚመኘው ዳግመኛ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። የዚያው ጦርነት ጠባሳ በሪቨርስ ግዛትም አለ፤ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ የኢክዌሬ ሰዎች ከኢግቦ የተለየን ነን አሉ፣ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ኢክዌሬን በኢግቦ ቤተሰብ ውስጥ ይመድቡታል። ያ ክርክር ለእነርሱ ይተው።

ታዲያ ኢግቦ በየቀኑ የሚሠራው የት ነው? ገበያ ነው። ኢግቦዎች «ኢግባ ቦዪ» የሚሉት የሙያ ስልት አላቸው። አንድ ታዳጊ ለነጋዴ ይሰጣል፤ እቃ ይሸከማል፣ ሱቅ ይጠርጋል፣ ዋጋ ይማራል፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያገለግላል። ጊዜው ሲሞላ ነጋዴው መነሻ ገንዘብና እቃ ሰጥቶ የራሱን ሱቅ ያስከፍተዋል። በኦኒቻ ዋና ገበያ፣ በአባ የአሪያሪያ ገበያ፣ በንነዊ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች፣ በሌጎስ አላባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሂሳቡ፣ ምክሩ፣ ስድቡና ይቅርታው ሁሉ በኢግቦ ነው። ቋንቋውን ከየትኛውም አካዳሚ ይልቅ የጠበቁት እነዚህ ልጆች ናቸው። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ንግድ የገቡ በመሆናቸው ኢግቦ አጥርቶ መናገር ያልተማረ ሰው ምልክት ተደርጎ መታየቱ ነው። ቋንቋን የሚገድለው የተናጋሪ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢግቦ ለዘመናት ባልሰጋ ነበር። ሐፍረት ግን ሚሊዮኖችን በአንድ ትውልድ ዝም ያሰኛል።

ወደ ሚኒስትሩ ውሳኔ ልመለስ። የፈተና ውድቀት እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ምክንያቱ ግን አያሳምንም። በ2022 የጸደቀው ፖሊሲ መምህራን ሳይሰለጥኑለት፣ መጻሕፍት ሳይታተሙለት የቀረ ነው፤ ከ1977 ጀምሮ በናይጄሪያ ብሔራዊ የትምህርት ፖሊሲ ውስጥ ተመሳሳይ ሐሳብ ተጽፎ ሳይፈጸም እንደኖረው። ያልተዘራ እህል ማሳውን አበላሸ ሊባል አይችልም። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ በአፍ መፍቻው የተማረን ልጅ በሌላ ቋንቋ ፈትኖ ወደቀ ማለት የፈተናውን ቋንቋ እንጂ የልጁን እውቀት አይለካም።

ናይጄሪያ የራሷ ማስረጃ አላት፤ እርሱን መርሳቷ ይገርመኛል። በ1970 በኢሌ ኢፌ በፕሮፌሰር ባብስ ፋፉንዋ መሪነት የተጀመረው ፕሮጀክት የተወሰኑ ልጆችን ስድስቱን ዓመት በዮሩባ አስተማረ፤ እንግሊዝኛ በልዩ መምህር እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። ሌሎቹ በተለመደው መንገድ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ። በዮሩባ የተማሩት በሂሳብና በሳይንስ በለጡ፤ በእንግሊዝኛውም ወደኋላ አልቀሩም። ኢትዮጵያም ከ1994 ጀምሮ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ፣ አንደኛ ደረጃን በብሔረሰቦች ቋንቋ ስታስተምር የገጠማትን የመጽሐፍና የመምህር እጥረት ሁሉ እናውቀዋለን። ያ እጥረት ግን ቋንቋዎቹን ጥፋተኛ አያደርጋቸውም።

በኢንተርኔቱ ዓለም ነገሩ ትንሽ የተሻለ ነው። የጎግል መተርጎሚያ ኢግቦን የጨመረው በ2013 ነው፤ አማርኛ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቢቢሲ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ባስጀመረበት በዚያው የማስፋፊያ ዕቅድ በፌብሩዋሪ 2018 የኢግቦ አገልግሎቱን ከፈተ። በ2020 ደግሞ ሎታና ኢግዌ ኦዱንዜ የተባለች ወጣት ንዴቤ የሚባል፣ የድምፅ ከፍታና ዝቅታን ከራሱ ፊደል ጋር የሚያሳይ አዲስ ጽሕፈት ይፋ አድርጋለች። ፊደሉ ይስፋፋል ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ፤ የላቲኑን ፊደል ሚሊዮኖች ስለለመዱት። ግን «አኳ» በጽሑፍ ላይ እንቁላልና ለቅሶ ሆና ልትለይ እንደምትችል ማሳየቷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሳህኑን ይዞ ኮላውን ወደሚያድለው ልጅ እመለሳለሁ። ብዙዎቹ የከተማ ልጆች «ኢሴ!» ማለትን ያውቃሉ። ስማቸውም ንናምዲ፣ ቹኩኤሜካ ወይም ንኔካ ነው፦ አባቴ ሕያው ነው፣ እግዚአብሔር ታላቅ ነገር አደረገ፣ እናት ትበልጣለች። ሽማግሌው ስለ ጭልፊቱና ስለ ንስሩ ሲመርቅ ግን ግማሹ ቃል ያልፋቸዋል። ይህን የሚለውጠው ምርቃቱ ላይ የሚጨመር ክብር አይደለም፤ ኢግቦ ዳቦ የሚያስገኝበት ሥራ፣ አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮ፣ ሂሳብ የሚሠራበት ክፍል ማግኘቱ ነው።

ለዚህ ደግሞ ሕጉ አለ። የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የብሔራዊው ምክር ቤት ሥራ በእንግሊዝኛ፣ ዝግጅቱ ሲሟላም በሐውሳ፣ በኢግቦና በዮሩባ ይካሄዳል ይላል። አንቀጽ 97 ደግሞ የየግዛቱ ምክር ቤት በውሳኔው ከእንግሊዝኛ በተጨማሪ በግዛቱ ውስጥ በሚነገር ቋንቋ ሥራውን እንዲያካሂድ ይፈቅዳል። አናምብራ፣ ኢኑጉ፣ ኢሞ፣ አቢያና ኢቦኒ በጀታቸውን በኢግቦ ለመወያየት፣ ሕጋቸውን በኢግቦ አትመው ኦኒቻ ገበያ ላይ ለማደል የአቡጃን ፈቃድ መጠበቅ የለባቸውም። የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ስብሰባና የድምፅ ብልጫ ነው።